የጋሽ ወልዴ ዓይን የሸሸው ምላጭ

የምናገረው እኔ ነኝ፤ የምትጽፈው የልጅ ልጄ ናት። ስድቤን አለሳልሳ እንዳትጽፍ አስጠንቅቄያታለሁ። ሰው ሲያረጅ ይቅር ባይ ይሆናል ሲሉ እሰማለሁ፤ እኔን ግን አልያዘኝም። ስለዚህ አንባቢዎቼ፣ ከአሮጊት አፍ ምርቃት ለመስማት የመጣችሁ ካላችሁ ሌላ ቦታ ሂዱ። እኔ የማወራው ምላጭ ስለ መግዛት ነው። ስለ ምላጭ አንዳች የማላውቅ ሴት፣ ምላጭ መያዝ ቤት በሚያስቃጥልበት ዘመን፣ እንዴት መርጬ እንደገዛሁና በእሱ ምን እንዳደረግሁበት ነው።

ስሜ የሺ ነው። ያኔ ጣልያን ሸዋ ሮቢት ላይ ሰፍሮ ቀን ከሌት ካሚዮን ያመላልሳል። እኔ ከከተማው በላይ፣ ቀወት ዳገቱ ላይ ካለ መንደር የምኖር፣ ገና ልጅ ያልወለድኩ ሙሽራ ነኝ ማለት ይቻላል። ባሌ አበጋዝ ከአርበኞች ጋር ወደ ገደሉ ወጥቷል። አንድ ቀን አንድ የጨው ነጋዴ በደጄ ሲያልፍ ውሃ ለመነኝ። ጠጥቶ ቅሉን ሲመልስልኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ አበጋዝ መሞቱን፣ ጓደኞቹም እዚያው ገደሉ ሥር እንደቀበሩት ነገረኝና አህያውን እየነዳ ሄደ።

በእኛ አገር ባሏ የሞተባት ሴት ጸጉሯን ትላጫለች። ተላጭታ መሬት ትቀመጣለች፣ ሰው ይመጣል፣ ይለቀሳል፣ ስሙ እየተጠራ ጀግንነቱ ይነገራል። ያልተለቀሰለት ሰው እንደ ጠፋ ከብት ነው፤ አንድ ሰሞን ይፈለግና ይረሳል። እኔ አበጋዝ እንደ ጠፋ ከብት እንዲቀር አልፈለግሁም። ከዚህ ሌላ ከማንም የምፈልገው ነገር አልነበረኝም።

ይህንንም የከለከለን የጣልያን ሰው አይደለም። የገዛ ጭቃ ሹማችን ደግፌ ነው። የጣልያኑ ሹም የሽፍታ ዘመድ በምን ይታወቃል ብሎ ሲጠይቅ ይህ ቅሌታም ተሽቀዳድሞ፣ ጭንቅላታቸውን እዩ፣ የተላጨ ሁሉ ሽፍታ የሞተበት ነው አለው። ጣልያን ይህን ከየት ያውቀዋል? እሱ ጸጉራችንን ምን ቆርጦት ያያል? እንግዲህ የተላጨ ሰው ቤቱ ይቃጠላል ተብሎ አዋጅ ተነገረ። ከእኛ በታች ባለው መንደር የአንዲት መበለት ጎጆ ነደደ፤ ጭሱን ከደጄ ሆኜ አየሁት።

ደግፌ በዚህም አልረካ። ትጋቱን ለማሳየት ከቤት ቤት እየዞረ ምላጭ ሰበሰበ። በእኛ መንደር ምላጭ በየቤቱ የሚገኝ ነገር አልነበረም። አባት ከጅቡቲ ነጋዴ የገዛውን፣ እጀታው ውስጥ የሚታጠፍ የፈረንጅ ምላጭ ልጅ ይወርሰዋል፣ መንደሩ በሙሉ በእሱ ይላጫል። ሁሉንም አግበስብሶ ወሰደ። የመንደሩ ገራዥ እንኳን ምላጩ ተወስዶበት፣ ሕፃን በስምንተኛው ቀን መግረዝ አቅቶት መንገድ እንደ ጠፋበት ሰው ይዞር ነበር። ለጣልያን አስረክባለሁ ያለውን ምላጭ ሁሉ ደግፌ ለአንድ ነጋዴ ሸጠው። ይህንን መንደሩ በሙሉ ያውቃል፣ ማንም ግን አይናገርም።

የአበጋዝ ወንድም ደግሞ ቤቴ ድረስ መጥቶ መከረኝ። ሰው ከጠየቀሽ ጅቡቲ ለንግድ ሄዷል በይ አለኝ። የገዛ ወንድሙን! እንጀራዬን በልቶ፣ እጁን ታጥቦ፣ ጅቡቲ ሄዷል በይ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከቤቴ ውሃ እንኳ አላቀመስኩትም።

በገበያው ቀን ለአበጋዝ ጋቢ ላሠራለት ስፈትል የከረምኩትን ልቃቂት ሁሉ በቅርጫት አድርጌ ወደ ሸዋ ሮቢት ወረድኩ። ሙቀቱ ያፍናል። ከቆላ የመጡ ግመሎች ሮቃው ዛፍ ሥር ተኝተዋል። ነጋዴው አያ ሁሴን የሚባሉ አርጎባ ሽማግሌ ናቸው። መርፌ፣ መቀስ፣ መስታወት፣ አሮጌ ነገር ሁሉ ይሸጣሉ። ሰሌናቸው ላይ የመንደራችን ምላጮች ተደርድረዋል። አንዳንዱ የቀንድ እጀታ አለው፣ አንዳንዱ የአጥንት፣ አንዱ እጀታው ተሰብሮ በሽቦ ታስሯል።

ቁጭ ብዬ ማንሳት ስጀምር ወንዱ ሁሉ ተሰበሰበ። አይ የኛ ወንድ! ምላጭ ማዋስ የፈራ ሁሉ ምላጭ ለማስመረጥ ደፋር ሆነ። አንዱ ከባዱን ውሰጂ ይላል፣ ሌላው የለም ቀላሉን ይላል፣ ሦስተኛው አርማ የተቀረጸበት ካልሆነ ዋጋ የለውም ይላል፤ ማንበብ አይችል፣ አርማው ምን እንደሚል በምን እንዳወቀ እግዜር ይወቅ። ለማን ልትላጪ ነው ብሎ የጠየቀኝ ግን አንድም አልነበረም። ሁሉም ያውቃሉ፤ መልሱን ላለመስማት ስለ እጀታ ያወሩልኛል።

ከመካከላቸው ጋሽ ወልዴ ቀረቡ። የመንደራችን ሰው ናቸው፣ በሠርጌ ቀን አበጋዝን ላጭተው ያሳመሩት እሳቸው ናቸው። ስለ ምላጭ ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ነጭ የአጥንት እጀታ ያለውን አንስተው እንደ ቀለበት አገላበጡት።

«ይሄን ውሰጂ የሺ። እንዲህ ያለ ዕቃ ዛሬ አይገኝም፣» አሉኝ።

እውነትም ያበራል። ያማረ ነገር የማይወድ የለም፣ እኔም እጄ ሄዶ ነበር። ግን ሠርጌ ላይ ደጋግመው ሲስሉ አይቻቸው ነበርና እሳቸው ያኔ ያደረጉትን አደረግሁ። ስለቱን ወደ ፀሐይ አዞርኩት። ዳር ዳሩን ነጭ መስመር አብለጨለጨ። የተሳለ ስለት ብርሃን አይመልስም፣ የደነዘዘ ነው የሚያብለጨልጨው፤ ይህን ማንም አላስተማረኝም፣ ቢላዬን ሁልጊዜ የማየው እንዲያ ነው። አውራ ጣቴን በምራቄ አርሼ ስለቱን ጥፍሬ ላይ ስጎትተው ያዝ ለቀቅ፣ ያዝ ለቀቅ አለኝ። ጥርስ አውጥቷል። ዝገቱም ጀርባው ላይ ቢሆን ግድ አልነበረኝም፤ ይህ ግን የስለቱን ከንፈር በልቶታል። ከውጭ አምሮ ከሚቆርጥበት በኩል ያለቀ ምላጭ ነው። ቀና ብዬ ጋሽ ወልዴን አየኋቸው፣ እሳቸው ይህን ሳያውቁ ቀርተው ነው?

ሌላውን አነሱልኝ። ሌላውንም። የቀንዱን አመሰገኑ፣ በሽቦ የታሰረውን እንኳ፣ ሽቦው አይጎዳም ብለው አመሰገኑ። ከዳር የተቀመጠ አንድ ቀጭን ምላጭ ግን ነበር፣ እጀታው የጥቁር ቀንድ፣ ያረጀ። በዚያ ላይ ዓይናቸው አላረፈም። ሰሌኑን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲያዩ እዚያ ሲደርሱ ይዘሉታል። አንዴ ሲሆን አጋጣሚ አልኩ። ሲደጋገም ገባኝ። የራሳቸው ምላጭ ነው። የአባታቸው ምላጭ ሰሌን ላይ ተዘርግቶ እሳቸው እንደማያውቁት ሆነው አጠገቡ ይቆማሉ፤ ምናልባት የሽፍታ ሚስት ተላጨችበት ተብሎ ጣጣው ወደ እሳቸው እንዳይመጣ። እንዲህ ያለ ንቀት ከዚያ በፊት ለሰው ተሰምቶኝ አያውቅም።

ያን ቀጭኑን አነሳሁት። አያ ሁሴን ከንፈራቸውን መጠጡ። እሱ አልቋል ልጄ፣ ባለቤቱ ስሎ ስሎ ጨርሶታል አሉኝ። እኔ ግን በልቤ፣ ሳይነካ የኖረ ምላጭ ማንም ያልወደደው ነው፣ ተስሎ የቀጠነ ግን በየቀኑ እጅ የሄደበት ነው አልኩ። ስለቱን ወደ ፀሐይ ሳዞረው ምንም አላበራም። ጥፍሬ ላይ እንደ ቅቤ ሄደ። ክንዴ ላይ ሳስኬደው ጸጉሩ ሳይሰማኝ ረገፈ። ጠፍጣፋው ድንጋይ ላይ ሳጋድመው ጀርባውም ስለቱም እኩል ተኛ፣ አልተጣመመም። ማጠፊያው ላይ ያለው ምስማር ትንሽ ላልቷል፣ ያ በመዶሻ የሚስተካከል ነው።

«ጋሽ ወልዴ፣ ይሄን ያውቁታል?» አልኳቸው።

«የት አይቼው፣» አሉ። ላባቸው በጉንጫቸው ይወርዳል።

ልቃቂቱን ሁሉ ለአያ ሁሴን ሰጠሁ። ምላጩን በጨርቅ ጠቅልለው ሲሰጡኝ ለማን እንደሆነ በዝግታ ጠየቁኝ። ለባሌ ነው አልኳቸው። «አላህ ያጽናሽ፣» አሉኝ። ከመንደሬ ሰው ሁሉ ቀድመው ያጽናኑኝ እኒህ ሰው ናቸው፣ የተሰረቀ ዕቃ ሲሸጡ የዋሉት።

ቤቴ ስገባ አፍታ አላጠፋሁም። እህሉንና ፍየሏን ወደ እናቴ ቤት ላክሁ፣ ቤቱ ሲነድ አብሮ እንዳይነድ። የአበጋዝን ጠፍር ምሰሶው ላይ አስሬ ምላጩን ወዲያ ወዲህ አሸሁት። መጀመሪያ አጋደልኩትና አውራ ጣቴን ቆረጠኝ። ከዚያ የበግ ቆዳ አርጥቤ ጭኔ ላይ ዘርግቼ መላጨት ተለማመድኩ። ቆሞ ሲሄድ ይነክሳል፣ በጣም ሲጋደም ያንሸራትታል፣ መሃሉን ሲያገኝ ጭርጭር የሚል ድምፅ አለው። ያን ድምፅ ሳገኝ ተኛሁ። ሲነጋ ተላጭቼ ደጄ ላይ ልቀመጥ ነበር ሐሳቤ።

ሲነጋ ግን ከላይኛው መንደር ጩኸት ሰማሁ። የደግፌ እናት እትዬ ዘነቡ አረፉ። ታመው ከርመዋል፣ ወንድማቸውና ዘመዶቻቸው ከጀውሃ መጥተው ራስጌያቸው ተቀምጠው ነበር። ደህና ሴት ነበሩ፤ ልጃቸው ሹመት ሲቀበል ሦስት ቀን እህል አልቀመሱም ይባላል።

ወደ ለቅሶው ሄድኩ። የእናቱ ዘመዶች መሬት ላይ ተቀምጠዋል፣ ደግፌ መካከላቸው ቆሟል፣ ጸጉሩ በቅባት ወዝቷል። እናቱ የሞተችበት ሰው ጸጉሩ እንደ ሙሽራ ተንዠርግጎ! የጀውሃዎቹ እያዩት ፊታቸውን ያዞራሉ። አጎቱ ባሻ ይማም የሚሉት ኮስታራ ሽማግሌ በመጨረሻ ምን ትጠብቃለህ አለው። ደግፌ ምላጭ አምጡ ብሎ ጮኸ።

ማን ያምጣ? ሰው ሁሉ መሬት መሬቱን አየ። የጀውሃዎቹም የላቸውም፤ በሽተኛ ሊጠይቅ የሚመጣ ሰው ምላጭ ይዞ አይመጣም፣ ሞትን መጥራት ነው። ወደ አያ ሁሴን ፈረሰኛ ተላከ። ግመላቸውን ጭነው ወደ ቆላ ወርደዋል ተባለ። እኔ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጬ ይህን ሁሉ ሳይ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ልቤ ሞቅ አለኝ።

የተናገረው ጋሽ ወልዴ ነው። ከዚህ በኋላ አንቱ አልለውም። ደግፌ ጆሮ ላይ ጎንበስ ብሎ ወደ እኔ በአገጩ አሳየ።

ደግፌ ከነአጎቱ መጥቶ ፊቴ ቆመ። ምላጭ እንዳለሽ ሰምቻለሁ አለኝ። አለኝ አልኩት። ከጉያዬ አውጥቼ ጭኔ ላይ አኖርኩት። እጁን ሲዘረጋ ሸፈንኩት። መንደሩ ሁሉ ለዚህ ሰው አንቱ ይላል፤ እኔም እስከዚያ ቀን እል ነበር።

«መጀመሪያ እኔ እላጫለሁ። ከዚያ አንተን እላጭሃለሁ፣» አልኩት።

ባሻ ይማም ለማን ነው የምትላጪው ልጄ አለኝ። የሚያውቀው ነገር የለም፣ የጀውሃ ሰው ነው። ለባሌ ለአበጋዝ፣ ገደሉ ሥር ለሞተው አልኩ፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብዬ። ደግፌ ያ ሰው ጅቡቲ ነው ብሎ ጀመረ።

«አልሞተም ካልክ ምላጩ የለም። ሞቷል ካልክ፣ እንደ ሰው እግዜር ያጽናሽ በለኝ፣» አልኩት።

ወዲያ ወዲህ አየ። ዘመዶቹ ያዩታል፣ የእናቱ አስከሬን ቤት ውስጥ ነው፣ ካህናቱ ሊመጡ ነው። ጎምዛዛ እንደዋጠ ሰው ሆኖ በጥርሶቹ መሃል አለው። አልሰማሁም አልኩት። ደገመው። የጀውሃ ሰዎች ከተቀመጡበት እንዳሉ አብረው እግዜር ያጽናሽ አሉኝ። በዚያች ቅጽበት አበጋዝ ሞተ። እስከዚያች ድረስ አልሞተም ነበር። ያን ጊዜ አለቀስኩ።

የእትዬ ዘነቡ እህት ጸጉሬን አጥበው ላጩኝ። እጃቸው የታመነ ነበር። ከዚያ ደግፌን መሬት ተቀመጥ አልኩት፣ በርጩማ ፈልጎ ነበር። ሰው ይህን ስነግረው ሁልጊዜ ያው ነገር ነው የሚጠይቀኝ፣ ምላጭ በእጅሽ፣ ባንዳ በእጅሽ፣ ምን ነው ዝም አልሽው? ልገድለው አስቤ አላውቅም። ብገድለው የእሱ ለቅሶ የባሌን ለቅሶ ይውጠው ነበር። አንዲት ጠብታ ደም እንኳ አላፈሰስኩም። በእርጥቡ፣ በቀስታ፣ ቆዳውን ወጥሬ፣ ቅባቱን በሙሉ ከራሱ ላይ ገፈፍኩት። ሲያልቅ ጭንቅላቱ እንደ ቅል ሆነ፣ እኔም እንደ ቅል ነኝ፣ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ሰው እየመጣ እሱን አልፎ እኔን ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳ።

ከቀብር በኋላ ደግፌ ወደ ሸዋ ሮቢት ወረደ። ከእኔ ጋር ያደረገውን ሌላ ሰው ቀድሞ እንዳያወራበት እኔን ለማስያዝ ነው፣ ሌላ ምን ይሆናል። ወንዙ ጋ ያለው ዘበኛ የሌላ አገር አስካሪ፣ የጣልያን ቅጥር ወታደር ነበር፣ አያውቀውም። የሚያውቀው አዋጁን ብቻ ነው፤ የተላጨ ራስ አየ፣ ያዘው። ፀሐይ ላይ አስቀምጦ አዋለው። ደግፌ ጭቃ ሹም ነኝ ይላል፣ አስካሪው በዱላ ራሱን መታ መታ ያደርግለታል። ወደ ማታ የጣልያኑ ሹም በካሚዮን ሲያልፍ አየውና አስጠራው። ያን ጊዜ ይህ ሰው ቆዳውን ለማዳን ምን አማራጭ አለው? ጌታዬ፣ አባትም እናትም ቢሞት በእኛ አገር ይላጫሉ፣ በበሽታ ለሞተም ይላጫሉ፣ የተላጨ ሁሉ የሽፍታ ዘመድ አይደለም አለ። በገዛ አፉ! አስተርጓሚው ራሱ ከት ብሎ ሳቀ አሉ። ሹሙ አንድ ቀን አንድ ነገር፣ ሌላ ቀን ሌላ ነገር የሚነግረውን ሰው ሰድቦ አባረረው፣ አዋጁም በዚያው ቀረ። የእኔ ጎጆ አልነደደችም።

እናንተ የምታነቡ ሰዎች፣ ከዚህ ወዲህ ምን ተለወጠብሽ ካላችሁኝ፣ ሰውን መፍራት ተወኝ። ያን ሁሉ ጊዜ የምንፈራው ሰው በምን እንደቆመ አየሁት፤ የቆመው እኛ ዝም ስላልን ብቻ ነበር። ከዚያ በኋላ ሹም ሲመጣብኝ ጭንቅላቱን ነው የማየው፣ ምን ያህል ውሃና ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈጅ።

አዋጁ እንደቀረ በተሰማ ሰሞን ሴቶች ወደ ደጄ መምጣት ጀመሩ። ቀድሞ ከእኔ ጋር ውሃ የሚቀዱ፣ ጸጉራቸውን ተሠርተው የሚስቁ ሴቶች፣ አንዷ ለወንድሟ፣ አንዷ ለባሏ፣ ተራ ይዘው ይቀመጣሉ። መንደሩ ስንት ሬሳ ሆዱ ውስጥ ደብቆ እንደኖረ ያኔ ነው ያወቅነው። ምላጩን በጠፍሩ ላይ እያሸሁ ስላጭ ዋልኩ፣ እጄም ለመደ።

ከሴቶቹ ኋላ ጋሽ ወልዴ መጥቶ ቆመ። ምላጩን ሊጠይቀኝ የመጣ መሰለኝ፣ አፌን አሹዬ ጠበቅሁት። እሱ ግን ባርኔጣውን አውልቆ መሬት ተቀመጠ።

«ለማን ነው?» አልኩት።

«ለልጄ፣» አለኝ። «ከአበጋዝ ጋር ነበር። አንድ ቀን ነው የሞቱት።»

ልጁን አዲስ አበባ ለሥራ ሄዷል ሲለን ነው የኖረው። በገበያው ቀን አጠገቤ ቆሞ የአጥንት እጀታ ሲያመሰግንልኝ፣ ልጁ ከባሌ ጋር አንድ ጉድጓድ ውስጥ እንደተቀበረ ያውቅ ነበር። እኔን ሊያሸሸኝ የሞከረው በየሐዘኑ ቤተሰቡ ሲላጭበት ከኖረው ከአባቱ ምላጭ ነው። ናቅሁት፣ ዛሬም እንቀዋለሁ፣ ይህን እንድትጽፍ የልጅ ልጄን አዝዣታለሁ። ከዚያ ውሃ አመጣሁና ራሱን አጠብኩት። ስላጨው ሽበቱ ጭኔ ላይ ይረግፋል፣ እሱም የልጁን ስም እየጠራ ያለቅሳል፣ እኔም አብሬው አለቀስኩ።